ከነውሻችን ወደ ጅማ፤ ስለ ድንኳን ጉዞና ስለ እንግድነት ሥርዓት

ሰው ከዘወትር ሥራው ጥቂት ዐርፎ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ አገሩን ቢጐበኝ ለአካሉ ጤና፤ ለአእምሮውም ብርሃን እንደሚያገኝ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከእኛ ብዙዎቻችን የዕረፍት ቀን በደረሰልን ጊዜ ከቤታችን ሳንወጣ እንውላለን፤ ልጆቻችንም አገራቸውን በካርታ ላይ ካልሆነ በቀር ሳያውቋት ያድጋሉ። ስለዚህ ባለፈው በጋ ከባለቤቴ፤ ከሁለቱ ልጆቼና ከውሻችን ጋራ በአውቶሞቢል ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች ያደረግሁትን የድንኳን ጉዞ፤ በጉዞውም የደረሰብኝን እፍረትና ያገኘሁትን ትምህርት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በድንኳን ማደር ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው የሚል ሰው ቢኖር ታሪካችንን ዘንግቷል። የቀድሞ ነገሥታቶቻችን ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ሲያስተዳድሩ አዳራሻቸው ድንኳን ነበር፤ ዛሬ «ከተማ» የምንለውም ቃል በጥንት ጊዜ ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋራ የሰፈረበትን ስፍራ የሚያመለክት ነበር። የአዲስ አበባም መንደሮች እስከ ዛሬ ድረስ በየመኳንንቱ ስም «የእገሌ ሠፈር» እየተባሉ የሚጠሩት ከዚሁ የተነሣ ነው። ውሻም ቢሆን ለእኛ አዲስ ጓደኛ አይደለም፤ የእረኛ ረዳትና የደጃፍ ዘበኛ ሆኖ ኖሯል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ እንደ ነበረቻቸው፤ በሞተችም ጊዜ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ የመቃብር ድንጋይ እንደ ቆመላት የታወቀ ነው።

የጉዞውን ወራት መምረጥ የመጀመሪያው ነገር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ድንኳኑን ይዞ የሚወጣው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት፤ ፀሐይም በምትበረታበት በሰኔና በሐምሌ ነው። በእኛ አገር ግን ያው ጊዜ ክረምት ነው፤ በጅማ በኩል ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ፤ በዚያ ወራት ድንኳን የሚተክል ሰው በጭቃ ላይ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ እኛ የገናን ሰሞን መረጥን። ሰማዩ ጥሩ፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ቡናውም ተለቅሞ በየደጁ ተሰጥቶ የሚታይበት ጊዜ ነው። ሌሊቱ ግን ብርድ አለው፤ ይህም ብርድ ኋላ እንደምናገረው ለነገራችን ምክንያት ሆነ።

ስለ ዝግጅታችን ጥቂት ልናገር። ድንኳን፤ ብርድ ልብስ፤ ፋኖስ፤ ስንቅና የተጣራ ውኃ ከያዝን በኋላ የሚበልጠው ድካማችን ስለ ውሻው ነበር። ውሻችን ጓዴ ይባላል፤ ዕድሜው አራት ዓመት፤ ጠጕሩ ዳማ፤ ጠባዩም ለልጆች ገር፤ ለሮጠ እንስሳ ግን የማይታገሥ ነው። ይህንን ውሻ ወደ ሰው አገር ከመውሰዳችን በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ ግዴታችን መሆኑን ዐወቅን። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ለማለት ይቻላል። በየዓመቱ በዓለም ላይ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ተገምቷል፤ ከመቶውም 99 የሚሆነው በሽታውን የሚያገኘው ከውሻ ነው። ሊቁ ሉዊ ፓስተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ግን ሰው አስቀድሞ ከተጠነቀቀ ከዚህ ሞት ለመዳን ይችላል። ቡችላ በሦስት ወሩ መከተብ ይገባዋል፤ ከዚያም በየጊዜው ይደገምለታል። ክትባቱም በሰውነቱ እንዲሠራ ጊዜ ስለሚፈልግ ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መፈጸም አለበት። እኛም ይህንን አደረግን፤ ወረቀቱንም ከመንጃ ፈቃዴ ጋራ አኖርሁት። ስለ መንገዱም ሰላም ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን ከተረዳን በኋላ ተነሣን።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማለዳ ተነሥተን በሰበታ፤ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፈን ወልቂጤ ደረስን። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ደጋውን ለብሶ የወጣ ሰው በዚያ ካፖርቱን ያወልቃል። ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ በቆላ ውሻን በተዘጋ አውቶሞቢል ውስጥ ትቶ ለምሳ መውረድ እርሱን መግደል ነው። ደግሞ የጊቤ ሸለቆ የገንዲን በሽታ የሚያመጣ የቆላ ዝንብ የታወቀበት አገር ነው። ይህ ዝንብ የሚፈጀው ከብትን ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ውሻንም አጥብቆ ያጠቃል። ስለዚህ ጓዴን ከድልድዩ አጠገብ አላወረድነውም፤ መስኮቱን ጠበብ አድርገን አልፈን ዳገቱን ከወጣን በኋላ ውኃ አጠጣነው።

ከሰኮሩ አልፎ በደነባና በአሰንዳቦ በኩል የግልገል ጊቤ ግድብ የሠራው ሰፊ ኩሬ ከሩቅ ይታያል። ይህ ግድብ በፈረንጆች በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፤ 184 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ለመስጠት የተሠራ ነው። ልጄ «አባባ፤ በቤታችን የሚበራው መብራት ከዚህ ውኃ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ከዚህም ከሌሎችም ወንዞች እንደ ሆነ ነገርሁት። በካርታ ላይ ከርሞ ያላስተዋለውን ነገር በአንድ ቀትር ተረዳው።

ጅማ ደርሰን በማግሥቱ ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጣን። በዚያ ከ1878 እስከ 1932 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የጅማ ንጉሥ የነበሩት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። የእንጨት ሥራው፤ ሰገነቱና ወደ ታች የሚያሳየው ሜዳ እጅግ ያማረ ነው። በአባ ጅፋር ጊዜ በሂርማታ ገበያ ከየአገሩ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ይሰበሰብ ነበር፤ የዛሬዪቱም የጅማ ከተማ ያደገችው በዚያው ስፍራ ነው። በግቢው ውስጥ መስጊድ ስላለ ውሻውን ይዘን አልገባንም። በእስልምና ሥርዓት የውሻ ለሐጭ እንደ ርኩሰት ስለሚቈጠር፤ ሙስሊም ሰው ልብሱን ወይም የመታጠቢያ ዕቃውን ውሻ ቢነካበት ለጸሎቱ እንቅፋት ይሆንበታል። የጅማም ዞን ሕዝብ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ተራ ገባን፤ አንዳችን ልጆቹን ይዘን ስንገባ ሌላው ከውሻው ጋራ ከዛፍ ጥላ ሥር ቈየ። እስከዚህ ድረስ እንግድነታችን የተመሰገነ ነበር።

ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አጋሮ ይገኛል፤ በዙሪያውም ያለው የጎማ አገር ነው። በዚህ አገር ጮጬ የሚባል ስፍራ አለ፤ የአገሩ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የታወቀው በዚህ ነው ይላሉ። የካፋ ሰዎች ደግሞ በእኛ ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩን ለእነርሱ ትተን እርግጡን ብንናገር፤ ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና በዱር የበቀለበት አገር ይህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ተረቱም ሰውን ወደ ቡና የመሩት የእረኛው ፍየሎች ናቸው ይላል።

ከአጋሮ ከተማ ወጣ ብሎ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡና የተከሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። ድንኳን ለመትከል ፈቃድ ብንለምናቸው «አገሩ የእግዜር ነው፤ እንግዳ ይደር» ብለው በደስታ ተቀበሉን፤ ከቤታቸውም ዝቅ ብሎ ያለውን መስክ ሰጡን። የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ውሻው በሌሊት እንዲታሰርላቸው ነው። አንደኛ የመታጠቢያቸው ውኃ ከደጅ ስለሚቀመጥ፤ ሁለተኛም የዓመት ቡናቸው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ስለ ነበረ ነው። እኔም «አባቴ፤ በዚህ አይሥጉ» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ ጓዴንም በድንኳኑ ካስማ ላይ በገመድ አሰርሁት።

በዚያ ሌሊት ጅብ ሲጮህ ልጆቹ በፍርሃትና በደስታ መካከል ሆነው አዳመጡ። ንጋት ሲቀርብ ግን ብርዱ በረታ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፤ የአሥር ዓመት ልጄ ውሻው ሲንቀጠቀጥ ሰምታ አዘነችለትና ወደ ድንኳኑ አስገብታ በብርድ ልብሷ ልታሞቀው ገመዱን ፈታችው። በዚያው ቅጽበት ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ጮኹ፤ ውሻውም ከእጅዋ አምልጦ በጨለማው ውስጥ ሮጠ።

በነጋ ጊዜ ሽማግሌው ወደ ድንኳናችን መጡ። ከቡናው አልጋዎች አንዱ ተገልብጦ፤ ሁለተኛውም ተረጋግጦ እንደ ተገኘ በትሕትና ነገሩኝ። እኔም ውሻዬ በስፍራው ታስሮ ተኝቶ ስላየሁት፤ የሰጠሁትም ቃል ስለ ከበደኝ፤ «የእኔ ውሻ ታስሮ ነው ያደረ፤ ምናልባት የመንደር ውሻ ይሆናል» አልኋቸው። ይህንንም ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ በቢሮ ለባለጉዳይ እንደምናገረው ሆኜ ነበር። ሽማግሌው አልመለሱልኝም፤ የውሻውን እግር ብቻ ተመለከቱ። እኔም ተከትዬ ብመለከት መዳፉ ላይ የቀይ ቡና ልጣጭ ተጣብቆ ነበር።

በዚህ ጊዜ ልጄ ከድንኳኑ ወጥታ «አባባ፤ እኔ ነኝ የፈታሁት። ሲመለስ መልሼ አሰርሁት፤ ፈርቼ አልነገርሁህም» ብላ አለቀሰች። እኔም ያፈርሁት በልጄ ሳይሆን በራሴ ነው። እርስዋ ከፍርሃት የተነሣ ዝም ብትል፤ እኔ ግን ሳልመረምር እምቢ ብዬ ነበር። ከተናገርሁት ሰው ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ከዚያ በፊት እንደዚያ የከበደኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቢሆንም ባርኔጣዬን አውልቄ ይቅርታ ለመንኋቸው።

አሁን ክቡራን አንባቢዎች ጥፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያስተውሉ ዘንድ የቡናን ሥራ ልናገር ይገባኛል። ለገበያ የሚሆን 1 ኪሎ ቡና ለማግኘት 5 ወይም 6 ኪሎ ቀይ እሸት መልቀም ያስፈልጋል። ይህም እሸት እየተመረጠ በእጅ ይለቀማል። ሳይታጠብ የሚደርቀው ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በፀሐይ ይቈያል፤ እንዳይሻግት በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ ጤዛ እንዳይነካው ማታ ማታ ይሸፈናል። ቡና ሽታ ቶሎ የሚስብ ነገር ነው፤ ከመሬት ላይ ወድቆ አፈር የነካው ወይም የሻገተው በቀማሾች ዘንድ ይታወቃል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ውሻ በአንድ ደቂቃ የገለበጠው የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ሳምንት ድካም ነው። ለእኛ የጨዋታ ነገር የሆነው ለእነርሱ የልጆች ደብተርና የክረምት እህል መግዣ ነበር።

ሽማግሌው «እንግዳ ከእኔ ቤት ገንዘብ ከፍሎ አይሄድም» ብለው ካሣ እንቢ አሉኝ። እኔም በግድ ገንዘብ መስጠት ሌላ ስድብ እንደ ሆነ ባለቤቴ ስላስታወሰችኝ፤ ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌዎች እንዲቀመጡና እንዲፈርዱልን ለመንሁ። እነርሱም የወደቀው ቡና ተለቅሞ ለብቻው እንዲደርቅ፤ በንጹሑ ቡናና በወደቀው ቡና ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እኔ እንድሞላ ፈረዱ። በዚህ ፍርድ የሽማግሌው ክብር አልተነካም፤ የእኔም ዕዳ ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ሁላችን፤ እኔም ጭምር፤ እስከ ቀትር ተንበርክከን ቡናውን አንድ በአንድ ለቀምን። ልጄ ከሽማግሌው የልጅ ልጅ ጋራ ጎን ለጎን ሆና ስትለቅም በቋንቋ ሳይግባቡ ሲሣሣቁ ሰማኋቸው። በዚያ ቀን ሁሉ ውሻውን በቅርብ ጠበቅነው፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የሚባለው ነገር ውሻን የሚመርዝ ስለ ሆነ ፍሬውን በልቶ እንደ ሆነ ሠግተን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምንም አላገኘውም።

ማታ ሽማግሌው ቡና አስፈልተው ጠሩን። ውሻው ከመስኩ ሳይወጣ ታስሮ ቀረ፤ እኛም እጃችንን ታጥበን ገባን። ልጄን «አንቺ እውነቱን ስለ ተናገርሽ ቡናዬ አልጠፋም» አሏት። ለእኔ ግን አንዳች አላሉኝም፤ ሲኒውን ብቻ መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

ከአጋሮ ወደ ጅማ ተመልሰን በቦንጋ መንገድ በሰቃ በኩል ወደ ሸቤ ሄድን። በዚህ መንገድ የበለጤ ደን ይገኛል፤ ከጌራ ደን ጋራ ተያይዞ እጅግ ሰፊ ነው። በዚህ ደን ነዋሪዎቹ ከጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ርዳታ አግኝተው ደኑን በማኅበር የሚጠብቁበት ሥርዓት ተመሥርቷል፤ ከዛፉ ጥላ ሥር የበቀለውን ቡናና ከዛፉ ላይ በተሰቀለው ቀፎ የሚገኘውን ማር ይጠቀማሉ። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ያለው የካፋ ደንና በኢሉባቦር በኩል ያለው የያዩ ደን በፈረንጆች በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ስፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። እኛም በዚህ ጊዜ የማኅበሩን ሰዎች ሳንጠይቅ አንድ ካስማ እንኳ አልተከልንም፤ ጓዴም ከገመዱ አልተለየም።

በዱር አገር ውሻን መፍታት እንስሳትን ከማስበርገግ የከፋ ጉዳት አለው። በባሌ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በዓለም የማይገኝ፤ ቍጥሩም ጥቂት መቶ ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። ነገር ግን በፈረንጆች በ1991ና በ2003 ዓ.ም. ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጀ። ስለዚህ የከተማ ሰው ለደስታው የሚወስደው ውሻ ሳይከተብና ሳይታሰር ቢሄድ ለአገር ሀብት መጥፊያ ሊሆን ይችላል።

ወደ ፊት ከነውሻቸው ለመጓዝ ለሚወዱ ሁሉ የሚከተለውን ምክር አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ውሻውን ከጉዞው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ማስከተብ፤ ማስረጃውንም መያዝ። ሰው በማናቸውም ውሻ ቢነከስ ቍስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ።

2ኛ፤ ድንኳን ከመትከል በፊት የመሬቱን ባለቤት ወይም የአገሩን ሹም ማስፈቀድ፤ ስለ ውሻውም አስቀድሞ መንገር።

3ኛ፤ ውሻውን ከሰው የመጠጥና የመታጠቢያ ውኃ፤ ከጸሎት ቤትና ከተሰጣ እህል ወይም ቡና ማራቅ።

4ኛ፤ ሌሊት በጽኑ ገመድ ማሰር፤ የብርዱንም ነገር አስቦ ምንጣፍና ልብስ ከቤት ይዞ መሄድ። እኔ ይህንን አስቤ ቢሆን ኖሮ ልጄ ገመዱን ባልፈታች ነበር።

5ኛ፤ ጥፋት ቢደርስ ከመካድ በፊት መመርመር፤ ጥፋቱንም በአገሩ ሽማግሌ ፍርድ መካስ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሽማግሌው አንድ ቁና ጀንፈል ለልጄ ሰጥተዋት ነበር። ከየትኛው አልጋ እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም። በቤታችን ወቅጠን፤ ቈልተን አፈላነው፤ የአፈርም ሽታ አላገኘንበትም። ልጄም ገመዱን ከግድግዳው ላይ ሰቅላ፤ ለሚመጣው በጋ ለጓዴ የሚሆን የሱፍ ልብስ መስፋት ጀምራለች።